ተቀባይ የሌለው ግጥም

መጽሐፌ ታትሞ የወጣ ሰሞን አንዱን ቅጂ በላስቲክ ጠቅልዬ ፉሪ፣ እናቴ ዘንድ ሄድኩ። እናቴ ፊደል አልቆጠረችም። ስለዚህ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ከሁሉ አብልጬ የምወደውን ግጥም ድምፄን እየሞረድኩ አነበብኩላት። አላቋረጠችኝም፤ አላዛጋችም። ስጨርስ ነጠላዋን አስተካከለችና "ደስ ይላል ልጄ፤ ግን ተቀባይ የለውም" አለችኝ።

ተናደድኩ። የታተመ መጽሐፍ ይዤ የሄድኩ ሰው ነኝ እኮ። በጋዜጣ ላይ የተተቸሁትን ያህል አንገበገበኝና ሻዬን ሳልጨርስ ተነስቼ ወጣሁ። ታክሲ ውስጥ ግን ምን ማለቷ እንደሆነ ገባኝ፤ መግባቱ ደግሞ ይባስ አናደደኝ።

እናቴ በሰርግ ቤት አውራጅ ነበረች። ከነፋስ ስልክ እስከ ፉሪ ድንኳን ተተክሎ እሷ ሳትጠራ የቀረችበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። መሀል ትቆምና አንድ ስንኝ ትወረውራለች፤ "ተቀበሉ" ትላለች፤ ድንኳን ሙሉ ሴት እያጨበጨበ ይቀበላታል። ስንኙ እዚያው የሚፈጠር ነው። የሙሽራዋን አባት ጉራ ሰምታ ትገጥማለች፤ ወጡ ዘግይቶ እንደሆነ ስለ ወጡ ትገጥማለች። ለእሷ ግጥም ማለት አንዱ የሚሰጠው ሌላው የሚቀበለው ነገር ነው። አንድ ሰው በሩን ዘግቶ ጽፎት ሌላው በሩን ዘግቶ የሚያነበው ነገር ማመልከቻ ቢሆን እንጂ ግጥም መሆኑ ብዙም አይታያትም።

ከዚያ ዲጄ የሚባል ነገር መጣ። አንድ እሑድ ከሰርግ በጊዜ ተመለሰች። ምነው አልኳት። "ማሽኑ ሁሉንም ይዞ መጥቷል፤ አውራጁም እሱ፣ ተቀባዩም እሱ። እኔ ክትፎዬን በልቼ መጣሁ" አለች። ቀልድ አስመስላ ነው የተናገረችው። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ይባላል፤ ከዚያን ቀን በኋላ እናቴ ስታወርድ ሰምቼ አላውቅም። ሰርግ ትጠራለች፣ ትሄዳለች፣ መርቃ ትመለሳለች።

እኔም በራሴ መንገድ ዝም አልኩ። የእኔ ዝምታ ግን ከደመወዝ ጋር ነበር። የምሠራው በአንድ መሥሪያ ቤት ሕዝብ ግንኙነት ክፍል ነው። ዜና እጽፋለሁ፣ መጽሔት አዘጋጃለሁ፤ በዓል በመጣ ቁጥር ደግሞ "አንቺ እኮ ገጣሚ ነሽ" እየተባልኩ የበዓል ግጥም እታዘዛለሁ። "ቀልጣፋ" ከሚለው ቃል ጋር ቤት የሚመታ ቃል ስፈልግ ስንት ጸሐይ እንደጠለቀብኝ እኔ ነኝ የማውቀው። እንዲህ እንዲህ ሲል አንድ ጠዋት ለራሴ ልጽፍ ብቀመጥ ከብዕሬ የወጣው የመጀመሪያ ቃል "በመሆኑም" ሆነ። ብዕሩን አስቀመጥኩት። ከዚያ ወዲያ ለዓመታት አንድ አዲስ ስንኝ አልጻፍኩም። ስጠየቅ "ጊዜ የለም" እላለሁ። ጊዜማ ነበር፤ የሌለው ደስታው ነው።

ዘንድሮ የመሥሪያ ቤታችን የምሥረታ በዓል ሲደርስ ማንም ግጥም አላዘዘኝም። ጠረጴዛው ከጠረጴዛዬ ጋር የተገጠመው የሥራ ባልደረባዬ ስልኩን አውጥቶ "ይቺን ስሚልኝማ" አለኝ። ከፍቶ አሰማኝ። አንዲት ሴት፣ ከኋላዋ ብዙ ድምፅ አጅቧት፣ ስለ ቀልጣፋ አገልግሎታችን በጋለ ስሜት ትዘፍናለች።

"ማን ናት?" አልኩት።

"ማንም አይደለችም። ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። ቃላቱን ትሰጪዋለሽ፣ ይዘፍንልሻል። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ነው የጨረስኩት።"

ዘፈኑ ኮሪደሩ ላይ ተከፍቶ ሁሉም አጨበጨበ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ አልኩ በልቤ። ልብ በሉ፤ ያንን የበዓል ግጥም ለዓመታት ያማረርኩት እኔው ነኝ። ከትከሻዬ ሲወርድልኝ እፎይ ማለት ሲገባኝ ቀናሁ። በአንድ የስልክ ማሽን ቀናሁ። ከቅናቱ በታች ደግሞ ሌላ ነገር አለ፤ እናቴ ክትፎዋን በልታ በጊዜ የተመለሰችበት እሑድ ትዝ አለኝ። እኔ ግን ቁጭ ብዬ ልመርቅ ዝግጁ አልነበርኩም። እልህ ምላጭ ያስውጣል፤ ባልደረባዬን "ና፣ በስልኬ ላይ ጫንልኝ" አልኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ጀሞ፣ ኮንዶሚኒየሜ ውስጥ፣ ምስር ጥጄ ከመጽሐፌ ያንኑ ለእናቴ ያነበብኩላትን ግጥም ለማሽኑ ሰጠሁት። "ክራር፣ ዝግ ያለ፣ የሴት ድምፅ" ብዬ አዘዝኩ። ዘፈነው። ዜና አንባቢ ጉንፋን ይዟት የምትዘፍን ይመስል ነበር። "ሕልውና" የሚለው ቃል ላይ ሲደርስ ትንፋሹ አልቆ ቃሉን ከሁለት ጎምዶ ግማሹን ለሚቀጥለው መስመር አሳደረው። "ጠ" እና "ቀ" የሚባሉ ፊደላትን እንደ እንግዳ ሰው ያለሳልሳቸዋል። ሳቄ መጣ። እሰይ፣ አትችልም አልኩት።

ደግሜ ሰማሁት። ሦስተኛ ስሰማው ሳቄ ጠፋ። ማሽኑ የዘፈነው የጻፍኩትን ነው። መስመሩ ረዥም ነው፤ መተንፈሻ የለውም፤ "ሕልውና"ን እዚያ ያስቀመጥኳት ሌላ ማንም ሳይሆን እኔ ነኝ። በወረቀት ላይ ዓይን ዝም ብሎ ያልፋታል። አፍ ግን አያልፋትም፤ ይደናቀፍባታል።

እርሳስ አነሳሁ። መስመሩን ከመሀል ሰበርኩት። "ሕልውና"ን አውጥቼ "ኑሮ"ን አስገባሁ። እንደገና ሰጠሁት። እንደገና ዘፈነ። አሁን ሁለተኛው መስመር አነከሰ። እሱንም ቆረጥኩ። አንዳንዴ እኔ ያስተካከልኩትን ማሽኑ በገዛ ፈቃዱ ያበላሸዋል፤ "አይሆንም፣ ድገም" እለዋለሁ፤ ይደግማል፤ አይቆጣ፣ አይታክተው። የሚታክተኝ እኔ መሆን ነበረብኝ፤ ግን አልታከተኝም። ምስሩ ድስቱ ላይ አርሮ ሽታው ደረጃው ድረስ ወርዶ ኖሮ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ በሩን አንኳኳች።

"እትዬ፣ ደህና ነሽ? እሳት መስሎኝ እኮ ነው" አለች። ከዚያ ጆሮዋን ወደ ሳሎኑ ጣል አደረገችና፣ "ዘፋኟ ማን ናት?"

"ግጥሙ የእኔ ነው። ድምፁ የማንም አይደለም።"

"የማንም ያልሆነ ድምፅ ደግሞ አለ እንዴ?" አለችኝ። ገባ አለችና፣ "እስቲ ድገሚው" አለች።

ደገምኩላት። ምስሩ አልቆለታል፤ ሁለታችንም ሶፋው ላይ ተቀምጠን ሰማን። ግጥሜን ሰው ሲሰማው አጠገቡ ተቀምጬ ፊቱን ሳይ ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ እንጃ። እግሯ ወለሉን መታ መታ ሲያደርግ አየሁ። በዚያን ቀን ደስ አለኝ፤ ሌላ ቃል አልፈልግለትም። ምስር አርሮብኝ ደስ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ ሥራዬ ሆነ። ጠዋት ጀሞ ታክሲ ተራ ቆሜ የስንኝ ልክ በጣቴ እቆጥራለሁ። ሚኒባስ ውስጥ ማዳመጫ ጆሮዬ ላይ ሰክቼ እሰማለሁ፤ የሚያነክሰው መስመር ላይ ስደርስ ፊቴን ሳላውቀው እቋጥራለሁ መሰለኝ አንዴ አጠገቤ የተቀመጡ እናት "ጥርስሽን ነው?" ብለውኛል። ከመጽሐፌ ግጥሞች አንዳንዶቹ ጥቂት ተቆርጠው ዘፈን ሆኑ። አንዳንዶቹ ምንም ብል እምቢ አሉ። እምቢ ያሉትን ሳያቸው ብዙዎቹ ድሮም ሰው እንዲያደንቀኝ የጻፍኳቸው ናቸው። አላዘንኩላቸውም።

ባልደረባዬ አንድ ቀን ሻይ ላይ "ታዲያ እኮ ማሽን ነው የሠራው፤ አንቺ ምን አደረግሽ?" አለኝ።

"ያንተን ሻይህ ሳይቀዘቅዝ ጨረሰው። የእኔን ሳምንቱን ሙሉ ስንጨቃጨቅበት ነበር። ልዩነቱ ይሄ ነው" አልኩት። ሳቀብኝ። ይሳቅ። እኔ መጻፍ ጀምሬያለሁ።

መጻፍ ጀምሬያለሁ ስል ግን የድሮውን መቁረጥ ማለቴ ነበር። አዲስ ስንኝ ገና አልመጣም። አዲሱን ያመጣው እናቴን ለማየት የሄድኩበት የክረምት ቅዳሜ ነው። ፉሪ ዙሪያዋ ሁሉ ፎቅ በቅሎ የእሷ ቤት መሀል ላይ ዝቅ ብላ ቀርታለች። ከጎኗ ያሉት የድሮ ገበሬዎች ዛሬም ላም ያልባሉ፤ ልጃቸው ግን ባጃጅ ይነዳል። ያን ቀን ባጃጁ ጭቃውን ፈርቶ መንገዱ መሀል ላይ አውርዶኝ ጫማዬን በእጄ ይዤ ገባሁ። እናቴ አልጋዋ ላይ ተደግፋ አገኘኋት። አመም አድርጓት ነበር፤ ጉንፋን ነው አለች። ድምጿ ግን ከጉንፋን በላይ ቀጥኗል። አብረዋት ሲቀበሏት ከኖሩት ሴቶች የቀሩት ጥቂት መሆናቸውን ስማቸውን እየጠራች ነገረችኝ። ያለፉትን "ነፍስ ይማር" ትላለች፤ ያሉትን "እግሯን ያማታል" ትላለች።

ስመለስ ፈርቼ ነበር። ሞቷን ብቻ አይደለም የፈራሁት። "ተቀባይ የለውም" ያለችኝ ቃል በመካከላችን የመጨረሻው ቃል ሆኖ እንዳይቀር ፈራሁ። እዚያው ሚኒባስ ውስጥ ወሰንኩ፤ እናቴ በሕይወት ሳለች አንድ ግጥሜን ትቀበለኛለች። ታጨበጭብልኛለች፣ ታደንቀኛለች አላልኩም። ትቀበለኛለች ነው ያልኩት። ለዚያ ደግሞ ከመጽሐፉ አንዱም አይሆንም። አዲስ መጻፍ አለብኝ።

ጀሞ ሳልደርስ የመጀመሪያው ስንኝ መጣ። ቤት ስደርስ ሁለተኛው።

ከጀሞ ወጣሁኝ ዳመናው ሳይከብድ፣
ፉሪ ደረስኩልሽ ጭቃ ሆኖ መንገድ።

ጫማዬ በጄ ነው፣ እግሬ በጭቃሽ ላይ፣
ድምፅሽን ሳልሰማ ከደጅሽ አልለይ።

"በመሆኑም" የሚል ቃል የትም የለበትም። ጮክ ብዬ አነበብኩት፤ አፌ አልተደናቀፈም። ሌሎች ስንኞች ጨመርኩና፣ የእናቴ ልጅ ነኝና፣ ከየስንኙ በኋላ በቅንፍ "ተቀበሉ" ብዬ ጻፍኩ። ከቃሉ በታች ምንም አልጻፍኩም። ምን ይጻፋል? ተቀበሉ ከተባለ ሰው ይቀበላል። ይሄ ማብራሪያ የሚፈልግ ነገር መሆኑ በፍጹም አልታየኝም።

ማሽኑ ዘፈነው። ሴትየዋ የመጀመሪያውን ስንኝ አሳምራ አወረደች፤ "ጭቃ" የሚለውን ቃል ሳይቀር በደንብ አለችው። ከዚያ በዚያው ዜማ፣ ድምጿን ከፍ አድርጋ፣ "ተቀበሉ" አለች። ክራሩ ቀጠለ። ማንም አልተቀበለም። ክራሩ ብቻውን አንድ ዙር ዞሮ ሁለተኛው ስንኝ መጣ። እንደገና "ተቀበሉ"። እንደገና ዝም። እንግዳ ያልመጣበት ድንኳን ውስጥ ብቻዋን የቆመች አውራጅ ትመስላለች። መጀመሪያ እንባዬ እስኪመጣ ሳቅኩ። ማሽኑ የድንኳን ሰው አይደለም፤ "ተቀበሉ"ን እንደ ሌላው ቃል ቃል አድርጎ ዘፈነው። ሳቁ ሲያልፍ ግን ያቺ ብቻዋን የምትጣራ ሴት አሳዘነችኝ።

አስተካከልኩት። ቅንፉን አወጣሁ፤ በቦታው ተቀባዮቹ የሚሉትን ቃል በቃል ጻፍኩ፤ "ብዙ ሴቶች፣ ጭብጨባ" ብዬ አዘዝኩ። አልሆነም። ደገምኩ። ጭብጨባው ፈጠነ፤ ደገምኩ። ሴቶቹ የቤተ ክርስቲያን መዘምራን መሰሉ፤ ደገምኩ። በመጨረሻ አንድ ሙሉ፣ ያማረ፣ እንከን የማይወጣለት ዘፈን ሆነ። ጎረቤቴ ሰምታ "ይሄማ ሬዲዮ ላይ የሚወጣ ነው" አለች። የመጀመሪያውን፣ ባዶ ቦታ ያለበትን፣ ላጠፋው ጣቴን ዘርግቼ ተውኩት። ያቺን ሴት ማጥፋት ከበደኝ።

መንገዱ ደረቅ ያለ እሑድ ፉሪ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ነበር። እናቴን ከድንኳን ያስወጣት ማሽን ነው፤ እኔ ደግሞ ሌላ ማሽን ይዤላት እየሄድኩ ነው። ብትቆጣስ? ብትቆጣ ትቆጣ አልኩ። ሳላሰማት አልመለስም።

ተሽሏት በረንዳዋ ላይ ጸሐይ ትሞቃለች። ስልኩ ድምፁ አነስ ስለሚል ብርጭቆ ውስጥ አቆምኩት፤ ብርጭቆው ድምፁን ያጎላዋል።

"እማዬ፣ አዲስ ግጥም ጽፌያለሁ። ዘፈን ነው።"

"ማን ዘፈነው?"

"ማሽን" አልኩ። መዋሸት አልፈለግኩም።

ዓይኗን ስልኩ ላይ ጣለች። "እስቲ" አለች።

ያማረውን ከፈትኩላት። እስከ መጨረሻው ሰማች። ስለ ጭቃው ሲል ፈገግ አለች፤ ቀና ብላ እግሬንም አየች። ሴቶቹ ተቀብለው፣ አጨብጭበው፣ እልል ብለው ጨረሱ። እኔ የማየው ከንፈሯን ነበር። አልተንቀሳቀሰም።

"አምሯል" አለች።

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ ሁሉንም ራሳቸው ጨረሱት" አለች፣ በቀስታ። "ለእኔ ምን አስተረፉልኝ?"

እንደ መጀመሪያው ጊዜ አልተናደድኩም። ብርጭቆው ውስጥ ያለውን ስልክ አየሁት። እናቴ ከዲጄው ሰርግ ለምን በጊዜ እንደተመለሰች ያን ጊዜ ነው በደንብ የገባኝ። እሷን ያስከፋት ማሽን መሆኑ አልነበረም። ቦታ አልተወላትም።

"ሌላ አለኝ" አልኳት። "የተበላሸ ነው።"

"የተበላሸ ለምን ታሰሚኛለሽ?"

"ስሚው ግዴለም።"

የመጀመሪያውን ከፈትኩ። ያቺ ሴት ብቻዋን መጣች። ከጀሞ ወጣች፤ ዳመናው ሳይከብድ ፉሪ ደረሰች። ከዚያ ድምጿን ከፍ አድርጋ "ተቀበሉ" አለች። ክራሩ ብቻውን መዞር ጀመረ። እናቴ ግራና ቀኟን አየች፤ የሚቀበል ሰው የምትፈልግ ይመስል ነበር። ከእኔ በቀር ማንም አልነበረም። ዙሩ አለቀ።

ሁለተኛው ስንኝ መጣ። ጫማዬ በጄ ነው፣ እግሬ በጭቃሽ ላይ። እናቴ ወደ ብርጭቆው ጠጋ አለች። ድምፅሽን ሳልሰማ ከደጅሽ አልለይ። "ተቀበሉ" አለች ሴትየዋ።

እናቴ አንዴ አጨበጨበች፤ ክራሩን ለመያዝ ነው። ከዚያ በዚያ በቀጠነ ድምጿ፣ ቀጥ አድርጋ፣

ግቢ ልጄ ግቢ፣ በሩ መች ተዘጋ፣
ጭቃ መች ይፈራል የወለደሽ አልጋ

አለችኝ። ክራሩ ዙሩን ሲጨርስ እሷም ጨረሰች፤ ትንፋሽ አልተረፋትም፤ ትንፋሽ አላነሳትም። እኔ የጻፍኩትን የሚመልስ ስንኝ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ፤ ከመጽሐፌ ሁሉ ይበልጥ ነበር። አለቀስኩ። እሷ ግን ለማልቀሴ ጊዜ አልነበራትም። ጣቷን አንስታ ዝም በይ አለችኝ፤ ነጠላዋን ወደ ኋላ ጣለችና እጆቿን አዘጋጅታ የሚቀጥለውን "ተቀበሉ" መጠበቅ ጀመረች።